ሳይነስ ወይስ አለርጂ? በቤት ውስጥ የሚጠቅመውና የሚጎዳው

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ሳይነስ አለብኝ። ጠዋት ስነሣ በተከታታይ አስነጥሳለሁ፤ አፍንጫዬ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ከዚያ ይደፈናል፤ ዓይኔንና ላንቃዬን ያሳክከኛል። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ግንባሬንና ከዓይኔ ሥር ይዞ የሚወቅር ራስ ምታት ይነሣብኛል፤ ያን ጊዜ ብርሃን ማየት አልችልም። የባሕር ዛፍ ቅጠል እታጠናለሁ፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ በአፍንጫዬ አድርጌ አውቃለሁ፣ አንቲባዮቲክም ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ። አሁን ያለ አፍንጫ ጠብታ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ከጀመርኩት አራት ወር ሆኖኛል። የሰባት ዓመት ልጄም እንደ እኔ አፍንጫዋን ማሸት ጀምራለች። በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ነገሮች በእውነት የሚሠራው የትኛው ነው? ለዘለቄታው መዳንስ ይቻላል?»

የአንገት በላይ ሐኪም ምላሽ፦

ጠያቂያችን፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ቀድሞ ዓይኔን የያዘው ማሳከኩ ነው። የሳይነስ ኢንፌክሽን ፊትን ያማል፣ ያከብዳል፣ አፍንጫን ይደፍናል፤ ዓይንና ላንቃን ግን አያሳክክም። በተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥና ማሳከክ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪም አስቀድሞ የሚያስበው የአፍንጫ አለርጂን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይነስ እያሉ የተሸከሙት ሕመም በአብዛኛው አለርጂ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ላይ ሁለት ነገሮች የተደረቡብዎት ይመስለኛል፤ ራስ ምታቱ የማይግሬን ጠባይ አለው፣ የማታውን መደፈን ደግሞ ጠብታው ራሱ እያመጣው ነው። አፍንጫዎን በብርሃን ሳላይ የምጽፈው ስለሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የሚመረምርዎት ሐኪም ነው። ሦስቱ ችግሮች ግን ሦስት የተለያየ መፍትሔ አላቸው፤ እስካሁን የደከሙበት ሁሉ ፍሬ ያጣው ሳይለዩ በአንድ ላይ ስለታከሙ ይመስለኛል።

ሳይነስ የሌለው ሰው የለም። በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ ኋላ በጥልቀት የሚገኙ፣ አየር የያዙ አራት ጥንድ ክፍተቶች ናቸው። ውስጣቸው በስስ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን ሽፋኑ ንፍጥ ያመነጫል፤ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ሳይነስ በቀን እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ያመርታሉ፣ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ንፍጡን የሚያንቀሳቅሱት ሲሊያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ናቸው። የጉንጭ ሳይነስ መውጫ የሚገኘው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ነው። ስለዚህ ሰው በቆመበት ንፍጡ በራሱ ክብደት ቁልቁል ሊፈስስ አይችልም፤ ሲሊያዎቹ ሽቅብ ገፍተው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ባላት ቀዳዳ ያስወጡታል። ሽፋኑ በጉንፋን፣ በአለርጂ ወይም በጭስ ሲያብጥ ያቺ ቀዳዳ ትዘጋለች፤ ንፍጡ ይታቆራል፣ ይወፍራል። አንድ መድኃኒት ወይም የቤት ውስጥ ዘዴ በቀረበልኝ ቁጥር የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ከዚህ የመጡ ናቸው። እብጠቱን ይቀንሳል ወይ? ንፍጡን አቅጥኖ ያስወጣል ወይ? ሲሊያዎቹንስ ይጎዳል ወይ?

ስለ አንቲባዮቲኩ ላስቀድም፤ ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ ማለትዎ አሳስቦኛል። ጉንፋን ሲይዘን ሳይነሳችንም አብሮ ይቆጣል፤ ይህ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይቀላል። በባክቴሪያ ወደሚመጣ የሳይነስ ኢንፌክሽን የሚለወጠው በአዋቂዎች ከመቶ ጉንፋን ሁለት እንኳ አይሞላም። ባክቴሪያን የምንጠረጥረው ሕመሙ ከዐሥር ቀን በላይ ምንም ሳይሻሻል ሲቆይ፣ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ እንደገና ሲብስ፣ ወይም ደግሞ ገና ከመነሻው 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ከባድ የፊት ሕመምና መግል መሰል ንፍጥ ሦስትና አራት ቀን ሲከታተሉ ነው። የንፍጡ ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም። አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ከነጭ የደም ሕዋሶቻችን የሚወጣ ኢንዛይም ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ቫይረስንም ባክቴሪያንም ለመዋጋት ይወጣሉ። አረንጓዴ ንፍጥ አይቶ አንቲባዮቲክ መዋጥ ሆድን ያስቀምጣል፣ ባክቴሪያን ከመድኃኒት ጋር ያለማምዳል፤ ለአለርጂ ደግሞ አንዳች አይፈይድም።

አሁን ወደ ራስ ምታትዎ ልለፍ። ግንባርንና የዓይን ሥርን ስለያዘ ሁሉም ሰው ሳይነስ ይለዋል፤ መወቀሩና ብርሃን መጥላቱ ግን የማይግሬን መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ «የሳይነስ ራስ ምታት አለብን» ያሉ ወይም ሐኪም እንዲያ ያላቸው 2,991 ሰዎች ሲመረመሩ 88 በመቶ የሚሆኑት የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ማይግሬን ሲነሣ አፍንጫን ሊደፍን፣ ዓይንንም ሊያስነባ ይችላል፤ ለፊት፣ ለዓይንና ለአፍንጫ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያው አንዱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ራስ ምታቱ የተነሣበትን ቀን፣ ምን ያህል ሰዓት እንደቆየ፣ ማቅለሽለሽ እንደነበረው፣ ምን እንደወሰዱለት በማስታወሻ ይያዙና ለሐኪምዎ ያሳዩ። ማስታገሻውንም ይቁጠሩ። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ በላይ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎችና የማይግሬን መድኃኒቶችን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ መውሰድ ራሱን የቻለ የራስ ምታት በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ማይግሬን የራሱ መድኃኒትና መከላከያ አለው፤ የቱንም ያህል ቢታጠኑ አይለቅም።

ጠብታው ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር ይቅር ይበሉኝ። ኦክሲሜታዞሊንና ዛይሎሜታዞሊን የሚባሉት ጠብታዎች የአፍንጫን የደም ሥር አኮማትረው በደቂቃ ውስጥ ይከፍታሉ። ለሦስት ቀን፣ ቢበዛ ለአምስት ቀን ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ከዚያ ሲያልፍ የደም ሥሮቹ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ከበፊቱ ይበልጥ ይለጠጣሉ፤ አፍንጫ ይዘጋል፤ ሰውየው ይጨምራል፤ ነገሩ ይዞራል። በአራት ወር ውስጥ እዚህ አዙሪት ውስጥ መግባትዎ አያጠራጥርም፤ የእርስዎ ጥፋትም አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ጠብታውን ሲገዛ ገደቡን የሚነግረው የለም። መውጫው አለ። በመጀመሪያ ሐኪም የሚያዝልዎትን የስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) የአፍንጫ ርጭት ይጀምሩ፤ አንድ ሳምንት ያህል ከተጠቀሙ በኋላ ጠብታውን በአንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ያቁሙ፤ ሌላኛው ቀዳዳ እያስተነፈሰዎት የመጀመሪያው ይለምዳል። እሱ ሲከፈት ሁለተኛውንም ያቆማሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ከባድ ናቸው፤ ትራስ ጨምሮ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛትና የጨው ውሃ ያቀሉታል። አንዳንዱ ሰው በሳምንት፣ አንዳንዱ ከዚያ ባለፈ ጊዜ ይላቀቃል። መጨናነቅን ይቀንሳሉ የሚባሉትን እንደ ሱዶኤፌድሪን ያሉ እንክብሎችም በምትኩ አይጀምሩ፤ በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ናቸው።

በቤት ውስጥ በእውነት የሚሠራው የትኛው ነው ላሉኝ፣ ያለ ማመንታት የማስቀድመው አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብን ነው። ሽፋኑ ላይ የተቀመጠውን አቧራና የአበባ ብናኝ፣ ከአለርጂው የሚመነጩትንም የሚያስቆጡ ነገሮች ጠርጎ ያወጣል፤ ንፍጡን ያቀጥናል፤ ሲሊያዎቹን ያግዛል። ነገር ግን በአግባቡ ሲሠራ ብቻ ነውና በዝርዝር ልንገርዎት።

ዋናው ውሃው ነው። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ በአፍንጫ አይገባም፤ ለመጠጥ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ። ኔግለሪያ ፋውለሪ የሚባል በዓይን የማይታይ አሜባ አለ፤ ከውሃ ጋር ቢጠጣ ጨጓራ ያጠፋዋል፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን የማሽተት ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ይወጣል፤ የያዘው ሰው የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች በቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን አጥበው በዚህ ሞተዋል። እጅግ ብርቅ ነው፤ መከላከያው ግን ማፍላት ብቻ ስለሆነ የሚያመካኙበት ነገር የለም። ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያፍሉት፤ የሚኖሩበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ያድርጉት። ከዚያ ከድነው ያቀዝቅዙ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ወይም ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ውሃም ይሆናል።

በአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው ያስፈልጋል፤ ይህም ለደቃቅ ጨው ያልተቆለለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ቢገኝ አዮዲን የሌለውን ይምረጡ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨምሩ ማቃጠሉን ያለሰልሳል። ጨውም ሶዳም የሌለበት ባዶ ውሃ ከፍተኛ ሕመም ይፈጥራል፤ ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ጨው ሲበዛም ይለበልባል። ለብ ያለ ይሁን፤ የእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ሲሞክሩት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይታወቅዎ ከሆነ ልክ ነው። የተረፈውን ከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡት እስከ ነገ ይቆያል፤ ከዚያ ይደፋ።

ለዚሁ የተሠራ ተጨምቆ የሚረጭ ጠርሙስ ምቹ ነው፤ ከሌለ መርፌው የወጣለት ትልቅ ሲሪንጅ ይበቃል። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ይበሉ፤ ፊትዎን ወደ አንድ ጎን ያዘንብሉ፤ አፍዎን ይክፈቱና በአፍ ብቻ ይተንፍሱ። ከላይ በሆነው ቀዳዳ ውሃውን በቀስታ ይልቀቁ። ውሃው ሲገባ ረዘም አድርገው «ካ» ቢሉ የላንቃዎ ኋላ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃውም በሌላኛው ቀዳዳ ይወጣል። መሐል ላይ ምራቅ አይዋጡ፤ ጆሮዎን የሚደፍነው ያ ነው። በእያንዳንዱ በኩል ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሲጨርሱ ሁለቱንም ቀዳዳ ክፍት እንዳደረጉ በቀስታ ይናፈጡ፤ አንዱን ጨፍኖ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን መልሶ ወደ ሳይነስና ወደ ጆሮ ይገፋዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎንበስ ሲሉ የቀረ ውሃ ቢንጠባጠብ አይደንግጡ፤ በዚሁ ምክንያት ልክ ሊተኙ ሲሉ ባያጥቡ ይሻላል። ጠርሙሱን ከተጠቀሙ በኋላ በሳሙናና በተፈላ ውሃ አጥበው ክፍቱን ያድርቁት፤ ለሌላ ሰው አያውሱት። ጆሮዎን የሚያምዎት፣ አፍንጫዎ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ወይም በቅርቡ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ከሆነ ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይጠቡ።

በቀን አንድ ጊዜ፣ ሕመሙ ሲበረታ ሁለት ጊዜ ማድረግ በቂ ነው። ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት በተከታታይ ይሞክሩት።

መታጠኑስ? ሞቃት እንፋሎት ደስ ይላል፣ ለጊዜው ንፍጡን ያላላል፤ እንዳያደርጉት ማንም አይከለክልዎትም። ከዚያ በላይ ግን አይጠብቁበት። እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ የሕክምና ማኅበር መጽሔት በወጣ፣ በእንግሊዝ 871 ታካሚዎችን ባሳተፈ ጥናት፣ አፍንጫቸውን በጨው ውሃ እንዲያጥቡ የተመከሩት መጠነኛ መሻሻል ሲያሳዩ፣ እንዲታጠኑ የተመከሩት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። የሚያሳስበኝ ቃጠሎው ነው። ጉልበት ላይ የተቀመጠ የፈላ ውሃ፣ ከላይ የተከናነበ ፎጣ፣ አጠገብ የሚሯሯጥ ሕፃን፤ ፊትና ጭን የተላጠባቸው ሰዎች ከዚህ የመጡ ናቸው። በሙቅ ውሃ ሰውነትን ሲታጠቡ የሚነሣው እንፋሎት ተመሳሳይ እፎይታ ይሰጣል፣ አያቃጥልምም።

የባሕር ዛፍና የሜንቶል ሽታ አፍንጫን የከፈተ ይመስላል። ሜንቶል የሚነካው ቅዝቃዜን የሚለየውን ነርቭ ነው፤ አንጎል ብዙ አየር የገባ መስሎት ይረካል፣ አየሩ የሚያልፍበት ቦታ ሲለካ ግን ያው ነው። ለእንቅልፍ የሚረዳዎት ከሆነ ደረትዎ ላይ በትንሹ መቀባት ይችላሉ፤ አፍንጫ ውስጥ ግን አይግባ። ማንኛውንም ዘይትና ቅባት አዘውትሮ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ሳንባ ወርዶ ለየት ያለ የሳንባ ምች እንዲያመጣ ሊያደርግ ይችላል።

ነጭ ሽንኩርቱን እባክዎ አይድገሙት። በአፍንጫ ሲገባ ንፍጥ ጎርፎ ስለሚወርድ ሰው «በሽታው ወጣልኝ» ይላል። የወጣው ሽፋኑ ከሚያቃጥለው ነገር ራሱን ለማዳን ያፈሰሰው ንፍጥ ነው። እንዲህ አድርገው የመጡ ሰዎችን አፍንጫ ስመለከት ሽፋኑ በደም ቀልቶ፣ አንዳንዱ ቦታ ነጭ ሆኖ ተልጦ አገኘዋለሁ፤ እዚያ ያሉት ሲሊያዎች ሥራ አቁመዋል። በምግብ ውስጥ ግን እንደልብዎ ይብሉት። የሚያቃጥል ምግብ ሲበሉ አፍንጫ መፍሰሱም የነርቭ ምላሽ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ያቀላል፣ አይጎዳም፣ አያድንም። ዝንጅብልና ማር በሙቅ ውሃ ለጉሮሮና ለሳል ጥሩ ማጽናኛ ናቸው። ማር አለርጂን ያጠፋል የሚባለው ግን አይይዝም፤ ንቦች የሚሰበስቡት የአበባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፣ አፍንጫችንን የሚያስቆጣው ደግሞ በአብዛኛው ነፋስ የሚያበንነው የሣርና የዛፍ ብናኝ ነው።

ለአለርጂ ከመድኃኒት እኩል የሚያስፈልገው ምን እንደሚያስቆጣዎት ማወቅ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ የሚብስብዎት መሆኑ ወደ መኝታዎ ያመለክተኛል። ፍራሽና ትራስ ውስጥ ማይት የሚባሉ፣ ከቆዳችን የሚረግፈውን ፍርፋሪ የሚመገቡ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ አለርጂ የሚያስነሣው በተለይ ኩሳቸው ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ማይቶቹ አይሞቱም። ፍራሹንና ትራሱን ዚፕ ባለው፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ባለ ልባስ ይሸፍኑ። ማይት እርጥበት ይወዳል፤ የቤቱ አየር እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲሆን መራባት ይቸገራል፤ ስለዚህ መስኮት መክፈትና እርጥብ ልብስ መኝታ ክፍል ውስጥ አለማስጣት ዋጋ አለው። አቧራን በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል፤ የሚያጸዳው አለርጂ ያለበት ሰው ከሆነ ጭምብል ያድርግ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለይቶ ማድረግ ብዙ እንደማይለውጥ ደጋግሞ ታይቷል፤ አብረው ሲሠሩ ነው የሚያግዙት።

ቤት ውስጥ ድመት ካለች ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። የድመት አለርጂ የሚመጣው ከምራቋና ከቆዳዋ በሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ምንጣፉና ወንበሩ ላይ ለወራት ይቆያል። ቢያንስ መኝታ ክፍል አትግባ። የአበባ ብናኝ ለሚያስነጥሰው ሰው ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቀን መስኮት መዝጋት፣ ከውጭ ሲገባ ልብስ መቀየር፣ ከመተኛት በፊት ፀጉር መታጠብ ይረዳል። የሲጋራና የማንኛውም ነገር ጭስ፣ ጠንካራ ሽቶ፣ የጽዳት ኬሚካል ሽታ አለርጂ ባይሆኑም የተቆጣን አፍንጫ የባሰ ያስቆጣሉ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ አለርጂዎ ዓመት ከዓመት የሚቆይ ስለሆነ ዋናው የስቴሮይድ ርጭት ነው፤ ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ የመሳሰሉት። ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ይሸሻል። በአፍንጫ የሚረጨው መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እብጠቱን ከሥሩ የሚያወርደው ይህ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጠብታው በደቂቃ አይከፍትም፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በየቀኑ መወሰድ አለበት። ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሠራም» የሚለው ወይ በአራተኛው ቀን ትቶት ነው፣ ወይ አረጫጨቱን ስቶ። በቀኝ እጅዎ ለግራ ቀዳዳ፣ በግራ እጅዎ ለቀኝ ቀዳዳ ይርጩ፤ ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይንዎ ጥግ ያመልክት። ወደ መካከለኛው ግድግዳ ከተረጨ ያደማል። ሲረጩ በኃይል አይሳቡት፤ ጉሮሮዎ ውስጥ ከቀመሱት መድኃኒቱ አልፎታል። በጨው ውሃ የሚያጥቡ ከሆነ መጀመሪያ ይጠቡ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ይርጩ።

ለማስነጠሱና ለማሳከኩ አንቲሂስታሚን እንክብል መጨመር ይቻላል። ሴቲሪዚን፣ ሎራታዲንና ፌክሶፌናዲን ከድሮዎቹ እንደ ክሎርፌኒራሚን ካሉት ያነሰ ያስተኛሉ፤ ሴቲሪዚን አንዳንዱን ሰው ያደነዝዘዋልና ከመንዳትዎ በፊት ራስዎን ይፈትሹ። ፌክሶፌናዲንን በፍራፍሬ ጭማቂ አይውሰዱት፤ ጭማቂው ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሰዋል። እንክብሉ መደፈኑን ብዙም አይነካም፤ ለመደፈኑ ርጭቱ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ለዘለቄታው መዳን ይቻላል ወይ? አለርጂ በአብዛኛው የሚያዝና የሚገታ እንጂ ተነቅሎ የሚጣል አይደለም፤ በደንብ ሲያዝ ግን ሰው መኖሩን እስኪረሳው ድረስ ይቀላል። ከሁሉ ወደ መፍትሔው የሚቀርበው የሚያስቆጣዎትን ነገር ራሱን በትንሽ በትንሹ ለሰውነት እየሰጡ ማለማመድ ነው። የጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሌናርድ ኑን ሲሆን፣ የሣር ብናኝ ለሕመምተኞች በመርፌ እየሰጠ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1911 አሳተመ። ዛሬ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ጠብታና እንክብል ይሰጣል፤ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ካቆሙት በኋላም ጥቅሙ ለዓመታት ይቆያል። ለዚህ አስቀድሞ በቆዳ ወይም በደም ምርመራ የሚያስቆጣው ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት። የቆዳ ምርመራ ቀጠሮ ካለዎት አንቲሂስታሚኑን ከብዙ ቀናት በፊት ያቆማሉ፤ አለበለዚያ ምርመራው በሐሰት «የለም» ይልዎታል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መድኃኒት ላልቻለው ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ እብጠት)፣ ለተጣመመ የአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ ወይም ከ12 ሳምንት በላይ ለቆየ የሳይነስ ሕመም ነው፤ አለርጂን አያጠፋም።

ይህን ሁሉ በቤትዎ ሳይሞክሩ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስሮጡ ምልክቶችን ደግሞ ይወቁ። የዓይን ዙሪያ ማበጥና መቅላት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የግንባር ማበጥ፣ ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር አንገት መገተር፣ ግራ መጋባት፤ እነዚህ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል መጠጋቱን ይጠቁማሉ። በአንድ በኩል ብቻ የሚታይ ምልክትም ልዩ ትኩረት ይሻል። በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወጣ ሽታ ያለው ንፍጥ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሊመነጭ ይችላል፤ በአንድ ቀዳዳ ደጋግሞ የሚመጣ ደም በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት፤ ራስን ከተመቱ በኋላ ጎንበስ ሲሉ በአንድ ቀዳዳ ጠብ የሚል ጥርት ያለ ጨዋማ ፈሳሽ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል።

ስለ ልጅዎ ጉዳይ ሳልመልስ አላልፍም። አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ የምታሽ ከሆነ፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ ከፍ ብሎ አግድም የተሰመረ መስመር ካለ፣ ከዓይኗ ሥር ጠቆር ካለ፣ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ በቤተሰብ ይተላለፋል። ለእሷ የጨው ውሃውን በኃይል አያፍስሱባት፤ የተዘጋጀው ለስላሳ ርጭት ይበቃታል። የእርስዎን ጠብታም ሆነ እንክብል ከፍለው አይስጧት፤ የልጅ መጠን በዕድሜዋና በክብደቷ የሚታዘዝ ነው። ከእሷ ታናሽ ካለ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሜንቶልና ካምፎር ያለበት ቅባት ትንፋሽ ሊያጥር ስለሚችል አይቀባም፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ደግሞ ማር አይሰጥም። በልጅ አንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የገባ ነገር አለ፤ የሰዓት ወይም የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን አቃጥሎ ይበሳዋልና ለነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ይዘዋት ይሂዱ። ሌሊት አፏን ከፍታ የምታንኮራፋ፣ ሲጠሯት ቶሎ የማትሰማ ከሆነ ጆሮዋም ይታይ፤ አፍንጫ ሲዘጋ ከጆሮ ታምቡር ኋላ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ሌሊት ሌሊት የሚያስላት ወይም ሮጣ ስትቆም ደረቷ የሚያፏጭ ከሆነ ደግሞ የአፍንጫ አለርጂና አስም አብረው ስለሚሄዱ፣ ሐኪሙ ሳንባዋንም እንዲመረምርላት ይጠይቁ።